የባላምባራስ ይሄይስ ውሃ

«አንች አይደለሽም፤ ንግሥቴን ነው የጠራሁት!»

አልጣሽ የፈላ ውሃ ያለበትን ማሰሮ በጨርቅ እንደያዘች በሩ ላይ ቀጥ አለች። ቤቱ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነው። ጧት ከቡሬ መንገድ በቃሬዛ የመጡ አምስት አርበኞች በተጎዘጎዘ ሣር ላይ ተደርድረዋል። አንዱ ያቃስታል፣ አንዱ እናቱን ይጣራል፣ አንዱ ደግሞ ጣልያንን ከነዘር ማንዘሩ ይራገማል። ወጌሻዋ ወለተ ሐና እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ከመካከላቸው ተንበርክካለች።

«ግን እኮ እቴቴ፣ እኔም ቁስል ማጠብ ችያለሁ» አለች አልጣሽ።

«ችለሽ ይሆናል። አሁን ግን ውሃውን ለንግሥቴ ስጫትና ሂጂ፣ ከጥግ ያሉትን ሽማግሌ ጠብቂ። አጥንታቸውን አስሬላቸዋለሁ። ሌላ የሚደረግላቸው ነገር የለም።»

ንግሥቴ ማሰሮውን ስትቀበላት ምላሷን አወጣችባት። ንግሥቴ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አልጣሽ ዐሥራ አራት። የሁለት ዓመት ብልጫ እንዲህ የሚያስኮራ መሆኑን አልጣሽ ያወቀችው እዚህ ቤት ከመጣች ወዲህ ነው።

ጊዜው የሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት ዐቢይ ጾም ነበር። ጣልያን ቡሬንም፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንለውን ከተማም ይዞ ተቀምጧል። ገጠሩ ግን እንቢ ብሏል። የወለተ ሐና ቤት ከብር ወንዝ በላይ ባለ ገደል ሥር፣ በዛፍ ተሸፍኖ የቆመ ሰፊ ሣር ቤት ነው። አጥንት የተሰበረበትም፣ ጥይት የበላውም ወደዚያ ይወሰዳልና አገሩ ሁሉ «ቁስለኛ ቤት» ይለዋል። አልጣሽ የወለተ ሐና የእህት ልጅ ናት፤ አክስቷን «እቴቴ» ብላ ነው የምትጠራት። እናቷ «ሂጂና እርጃት» ብላ የላከቻት ከወር በፊት ነበር። ስትመጣ ያሰበችው ጥይት ማውጣትን ነበር። የደረሳት ግን ሽማግሌ መጠበቅ ሆነ።

ሽማግሌው ባላምባራስ ይሄይስ ይባላሉ። ከጅጋ በላይ ያለው ቀያቸው ሲቃጠል ሸሽተው ሲመጡ አይሮፕላን በላያቸው አለፈ፤ በቅሏቸው ደንብራ ጣለቻቸውና ጭናቸው ተሰበረ። ተሸክሞ ያመጣቸው ልጃቸው ደረሰ ነው። አባቱን አስተኝቶ፣ ጉልበታቸውን ስሞ፣ በዚያው ወደ ቡሬ መንገድ ተመልሷል። ባላምባራስ ጭናቸው በሸንበቆ ታስሮ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ዝም ብለው ጣራ ያያሉ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት ከጎናቸው ስትቀመጥ።

«የዘሩ።»

«የየትኛው ዘሩ? ዘሩ እልፍ ነው።»

«የዘሩ ካሳ።»

«እህ!» ባላምባራስ ዐይናቸው በራ። «ካሳ የወርቄ፣ ወርቄ የገላው፣ ገላው የቢተው፣ ቢተው የአለሙ፣ አለሙ የጓሉ። ትክክል ነኝ?»

አልጣሽ ከአራት አያት በላይ መቁጠር አትችልም ነበር። «እኔ እንጃ፣ አባባ» አለች እየሳቀች።

«የራስሽን አያት እኔን ታስቆጥሪኛለሽ? ዘመዴ ነሽ፤ በቢተው በኩል እንገናኛለን። እንግዲህ ማንም መጥቶ ቢያገባሽ መጀመሪያ እኔን ይጠይቅ።»

አልጣሽ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የተቆጣችበትንም ነገር ረሳችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ሲወጣ በዋንጫ ውሃና ቁራሽ ዳቦ አመጣችላቸው። ጾመኛ ናቸውና ከዚያ በፊት አይቀምሱም። «አስቀምጭው፤ ዳዊቴን ደግሜ እጠጣለሁ፤ አንች ሂጂ» አሏት። ስትመለስ ዋንጫው ባዶ ነበር። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። የቤቱ ሰው ሁሉ «አቤት ጾም! የመነኩሴ ነው እንጂ የባላባት አይደለም» እያለ ያደንቃቸዋል። በኛ አገር የሽማግሌን ጾም ማን ይጠይቃል? ይደነቃል እንጂ አይመረመርም።

በሦስተኛው ቀን አልጣሽ ሣሩን ልትቀይርላቸው ስታነሳ ከግድግዳው በኩል ያለው ረጥቦ አገኘችው። ደነገጠች። አምልጧቸው ይሆናል ብላ ፊቷን ዞር አደረገች። ግን ምንም አይሸትም። በጣቷ ነካችው፤ ንጹሕ ውሃ ነው። ቀና ስትል ባላምባራስ እያዩዋት ነበር።

«ውሃውን ያፈሱታል እንዴ፣ አባባ?»

«ቀስ በይ፤ ሰው አለ።»

«ለምን?»

ባላምባራስ ጋቢያቸውን ወደ አገጫቸው ሳቡ። በሹክሹክታም ተናገሩ። «የጠጣ ሰው ይሸናል፣ ልጄ። እኔ ደግሞ መነሳት አልችልም። እዚህ ቤት ያላችሁት ሴቶች ናችሁ፤ ወንዶቹም እንደኔው ወድቀዋል። በሰባ ስምንት ዓመቴ የሰው ልጅ ጋቢዬን ገልጦ ያየኝ የለም፤ ሚስቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማር። አሁን ባንች ፊት ልዋረድ?»

«ታዲያ ምን አለበት? እኔ የወንድሜን ልጅ…»

«እኔ የወንድምሽ ልጅ ነኝ?» ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጣ አለ። ወዲያው ግን ለሰለሰ። «ስሚ። ለማንም እንዳትነግሪ። ደረሰ ይሙት በይ።»

በአንድ ልጃቸው ሞት ነው የሚያስምሏት፤ ያውም ጥይት መሐል ባለ ልጃቸው። ግን ሽማግሌ ለምኗት እንዴት እንቢ ትበል? ስታድግ እንቢታ አልተማረችም።

«ደረሰ ይሙት» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ ወዲያው ከበዳት።

በአራተኛው ቀን ጧት ባላምባራስ «ሀብትነሽ» ብለው ጠሯት።

«አልጣሽ ነኝ፣ አባባ።»

«ሀብትነሽ፣ በቅሎዬን ጫኝልኝ። ገበያው ይፈታል። ደግሞ እነዚህን ልጆች ከጣራው ላይ አውርጃቸው።» በእጃቸው አየሩን ይዳብሳሉ። ሀብትነሽ ከሃያ ዓመት በፊት የሞተች እህታቸው እንደሆነች አልጣሽ ከራሳቸው አፍ ሰምታለች። ከጣራው ላይም ማንም የለም።

ንግሥቴ በአጠገባቸው ስታልፍ ሰማችና ራሷን ነቀነቀች። «ጃጅተዋል በቃ! ይኸን ሁሉ ዓመት ኖረው ምን ይሁኑ?»

ወለተ ሐናም ከሩቅ ሆና ባንድ ዐይኗ ተመለከተቻቸው። በእጇ የያዘችው የአንድ ወጣት ትከሻ ነበር፤ ጥይቱ ገና አልወጣም። «ሽምግልና ነው» አለች በሐዘን። «የሽማግሌ አጥንት ሲሰበር ልብም ይከተለዋል። ንግሥቴ፣ ሮጠሽ ቄስ ላቀውን ጥሪያቸው። ሳይናዘዙ እንዳይሄዱ።»

አልጣሽ ከባላምባራስ ፊት ጎንበስ አለች። «አባባ፣ ካሳ የማን ልጅ ነው?»

ባላምባራስ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ካሳ ማነው?»

አልጣሽ ፊታቸውን ትኩር ብላ አየች። ከሦስት ቀን በፊት የእሷን አያት ቅድመ አያቶች እንደ ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸው። የእሷ አያት ሲጃጁ አይታለች፤ አምስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። መጀመሪያ ዱላቸውን የት እንዳኖሩ ረሱ፣ ከዚያ ቀኑን፣ ከዚያ ሰውን። መጃጀት እንዲህ በአንድ ሌሊት ዱብ አይልም። ይኼ ሌላ ነገር ነው። ሌላው ነገር ምን እንደሆነ ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከቡሬ መንገድ በኩል የተኩስ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ከዚያ ተከታታይ። ደረሰ እዚያ ነው። አልጣሽ ዐይኗን ጨፈነች። ብትናገር ያ ሰው በእሷ ምላስ ይሞታል። ባትናገር አባቱ እዚሁ ከፊቷ ይሞታሉ። ደረሰን የምታውቀው አንድ ቀን፣ ያውም ለአንድ አፍታ ነው፤ ግን የአባቱን ጉልበት እንዴት አድርጎ እንደሳመ አይታለች። እሱ እዚህ ቢሆን ኖሮ ምን ይለኝ ነበር ብላ አሰበች። ከዚያ ተነሳች። በቁስለኞቹ መሐል አለፈች።

«እቴቴ።»

«አሁን አይደለም።»

«እቴቴ፣ ባላምባራስ ውሃ አይጠጡም። ከመጡ ጀምሮ ጠብታ አልቀመሱም። የምሰጣቸውን ከሣሩ ሥር ነው የሚያፈሱት።»

ወለተ ሐና እጇ ቆመ። «ምን አልሽ?»

«መሽናት ስለሚያፍሩ ነው። መነሳት ስለማይችሉ።»

ወለተ ሐና የወጣቱን ትከሻ በጨርቅ ጠቅልላ «ጠብቀኝ» አለችውና ተነሳች። ሄዳም በባላምባራስ አፍ ላይ ጎንበስ አለች። ምላሳቸው እንደ ቁርበት ደርቋል። የእጃቸውን ጀርባ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆሞ ቀረ። ወጌሻዋ ዞራ አልጣሽን ስታያት ዐይኗ እሳት ነበር።

«መቼ ነው ያወቅሽ?»

«ትናንት።»

«ትናንት! ታዲያ አፍሽን ምን ለጎመው?»

«ደረሰ ይሙት አስብለውኝ ነው» አለች አልጣሽ፤ እንባዋም መጣ።

ሲራገም የነበረው ቁስለኛ እንኳ አማተበ። ሁሉም ተኩሱን ይሰማል፤ ሁሉም ደረሰን ያውቀዋል። ወለተ ሐና ተንፍሳ ራሷን ያዘች። ቁጣዋም በረደ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሳቸው ደበቁ፤ እኔስ? የጮኸልኝን ሁሉ ስከተል፣ ዝም ያለውን አንድ ቀን ምላሱን አላየሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን አልቅሰሽ ስትጨርሽ አይደለም፣ አሁኑኑ ማር በጥብጭ!»

«ጨው ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ» አለ አንድ ድምፅ። ከባላምባራስ ማዶ የተኛው አብዱልሀኪም ነው፤ የቡሬ የጨው ነጋዴ። ለአርበኞች አሞሌ ሲያሻግር ክንዱን የተመታ ሰው ነው። በደኅና እጁ ከራስጌው ቁራጭ አሞሌ አውጥቶ ለአልጣሽ አቀበላት። «ለዚህ ክንዴን ከፍያለሁ፤ ቢያንስ ይጠቅም።»

ወለተ ሐና ብርዙን ቀጭን አድርጋ በጠበጠች፤ ከአሞሌው ትንሽ ፈቀፈቀችበት። «ተኝተው ከጠጡ ትን ይላቸዋል፤ ቀና አድርገሽ ደግፊያቸው። በዋንጫ አይደለም፤ በጥጥ እየነከርሽ ጠብ ጠብ አድርጊላቸው። ሲውጡ ጉሮሯቸውን እይ። ሳይውጡ ሌላ አትጨምሪ። ስማቸውንም ደጋግመሽ ንገሪያቸው፤ የት እንዳሉ፣ አንች ማን እንደሆንሽ።»

አልጣሽ የባላምባራስን ራስ በክንዷ ደገፈች። ራሳቸው እንዲህ ይቀላል ብላ አላሰበችም ነበር። «አባባ፣ አልጣሽ ነኝ። ቁስለኛ ቤት ነዎት። ብርዝ ነው፤ ይዋጡት።» ጠብ። ዋጡት። ጠብ። «አልጣሽ ነኝ፣ አባባ። የዘሩ ካሳ ልጅ።»

ቄስ ላቀው መስቀላቸውን ይዘው እያለከለኩ ገቡ።

«እንዳው አባ፣ ለተስካሩ ቸኩለዋል» አለቻቸው ወለተ ሐና። «ሰውየው ገና አልሞቱም። ይልቅ ጾሙን ይፍቱልኝ፤ ነቅተው ‹ቅዳሴ አልወጣም› ብለው እንዳይተፉብኝ።»

«ሕሙም ምን ጾም አለበት?» አሉ ቄሱ፤ መስቀሉን ከባላምባራስ ግንባር ላይ አሳርፈው። «ፈትቻቸዋለሁ። ይኸንንማ ቢጠይቁኝ በመጡበት ቀን እፈታቸው ነበር።»

የቀረው ትልቁ ነገር ነበር፤ ያው ባላምባራስን ለዚህ ያደረሳቸው። አብዱልሀኪም ቅል አስመጣ። አልጣሽ ቅሉን ይዛ እሱ በአንድ እጁ በቢላዋ አንገቱን ቆረጠ፤ ጠርዙን እንዳይቧጭር በድንጋይ አሸው። ከዚያ የራሱን ጋቢ ከምሰሶ ምሰሶ አስወጠራት። «ይኸ መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ እኔና ባላምባራስ ነን። ወንድ ለወንድ ነው። መጋረጃው በተዘጋ ጊዜ ከሴት ማንም ዝር እንዳይል» አለ። አልጣሽ ይህን የሚያህል ነገር እንዲህ በቀላሉ መፈታቱን ስታይ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። አራት ቀን ሙሉ አንድ ሰው ለሞት ያደረሰ ነገር መድኃኒቱ ቅልና ጋቢ ሆኖ ተገኘ።

ያን ቀን ማታ ድረስ ጠብ ጠብ ስታደርግ ዋለች። በየመሐሉም ወለተ ሐና እንዳሳየቻት ጀርባቸው እንዳይቆስል ወገባቸውን በትራስ እያገላበጠች ደገፈቻቸው። በማግሥቱ ጧት ከመጋረጃው ጀርባ የአብዱልሀኪም ድምፅ ተሰማ።

«አልሐምዱሊላሂ! ወለተ ሐና፣ ባላምባራስ ሸኑ!»

ወለተ ሐና የያዘችውን ጨርቅ ጥላ እልልታዋን አቀለጠችው። ንግሥቴ ተከተለች። ትከሻው የተመታው ወጣት ሳይቀር ከነቁስሉ ሳቀ። በዚያ ቤት ስንት ጥይት ወጥቷል፤ እንዲህ የተዘፈነለት ግን አልነበረም።

እኩለ ቀን ላይ ባላምባራስ ዐይናቸውን ገለጡ። መጋረጃውን አዩ፤ ቅሉን አዩ፤ አልጣሽን አዩ። ሁሉም ነገር ገባቸው።

«ነገርሽብኝ» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የሰጠቻቸውን ይጠጣሉ፤ ግን አንድ ቃል አይናገሯትም። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። አልጣሽ ዝምታቸውን ቻለችው። ያልቻለችው የቡሬን መንገድ ነው። ከዚያ በኩል ቃሬዛ በመጣ ቁጥር ሮጣ ትወጣና የተኛውን ሰው ፊት ታያለች። ደረሰ አለመሆኑን ስታይ ለሌላው እናት ልጅ እንኳ ማዘን እየረሳች «ተመስገን» ትላለች። ከዚያ ታፍራለች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው በእግሩ መጣ። አቧራ ለብሷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። አልጣሽ በሩ ላይ አገኘችው። ደረሰ መሆኑን ስታውቅ እዚያው ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ደረሰ ግራ ገባው።

«ምነው? አባቴ ሞቱ?»

«የለም» አለች እያለቀሰች። «እርስዎም አልሞቱም።»

ከውስጥ የባላምባራስ ድምፅ ተጣራ። «ደረሰ! ወዲህ ና። ያችንም ልጅ ይዘሃት ና።»

ገቡ። ባላምባራስ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ጉልበታቸውን ሲስም በእጃቸው ራሱን ያዙት፤ ቶሎም አልለቀቁትም። ከዚያ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ተናገሩ።

«ይችን ልጅ ባንተ ሞት አስምያት ነበር። ቃሏን በልታለች። ባትበላው ኖሮ ዛሬ የምትስመው አፈሬን ነበር። ሊገድለኝ የነበረው የጭኔ ስብራት አይደለም፤ እፍረቴ ነው። እኔ ለማይረባ ነገር አስምዬ ልጄን መያዣ አደረግሁ፤ እሷ ግን የሁለታችንንም ነፍስ ብቻዋን ተሸከመች። ሁለት ቀን ዝም ያልኋት ተቆጥቼ እንዳይመስላችሁ። ምን ብዬ ላመስግናት ብዬ ነው፤ ቃል አጣሁ። ተነስና እጅ ንሳልኝ።»

ደረሰ ተነሳ። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አኖረና ለዐሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። አልጣሽ የምትገባበት ጠፋት። እንዲህ ሲደረግላት ምን እንደሚባል ማንም አላስተማራትም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ አለች።

በማግሥቱ ወለተ ሐና እጇን እየታጠበች ጠራቻት። «ዛሬ ከኔ ጋር ነሽ። ጥይት ማውጣት አሳይሻለሁ። ከጥግ ያሉትን ንግሥቴ ትይዛቸው።»

ንግሥቴ ከንፈሯን ጣለች። አልጣሽ ወር ሙሉ የጠበቀችው ቃል ነው። ያን ጊዜ ከደጅ ቃሬዛ መጣ። ከተቃጠለ መንደር የወጡ አንዲት አሮጊት ናቸው፤ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። የተሸከሟቸው ሰዎች አብሯቸው በመጣ ቁስለኛ ልጅ ዙሪያ ይጯጯኻሉ። አሮጊቷ ግን «እኔ ደኅና ነኝ፤ ልጁን እዩት» ብለው ጥጋቸውን ይዘው ዝም አሉ።

አልጣሽ አየቻቸው። ከዚያ አክስቷን አየች።

«ጥይቱን ንግሥቴን አሳይያት፣ እቴቴ» አለች።

ከአሮጊቷ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። እጃቸውን በእጇ ያዘች፤ የእጃቸውን ጀርባ ቆዳ በቀስታ ዳሰሰች።

«እማማ፣ ከትናንት ወዲህ ምን ጠጡ?»

አሮጊቷ ግራ ቀኝ አዩ። ወደ ጆሮዋ ቀረቡ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ግን ለማንም እንዳታወሪ፤ መጀመሪያ ማይልኝ።»

«ይንገሩኝ፣ እማማ» አለች አልጣሽ፤ ይበልጥ ተጠጋቻቸው። «መማል ግን አልምልም።»